በሥዕል ያጌጠ የቻይና ሳህን አመራመር፦ ከእግሩ ቀለበት እስከ በረንዳው ሰዎች

በአሜሪካና በአውሮፓ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ አንድ ዓይነት ሳህን ደጋግሞ ያጋጥማል። ከጠርዙ እስከ መሃሉ አረንጓዴ ሐረግና ሮዝ አበባ ሞልቶታል፤ በሐረጉ መካከል እንደ መስኮት የተከፈቱ ክፍሎች አሉ። በአንዱ ክፍል ሴቶች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ፣ በሚቀጥለው ወፍና ቢራቢሮ ከአበባ ጋር ይታያሉ። ሻጩ «የሁለት መቶ ዓመት ዕቃ ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል። በ1970ዎቹ ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተቀባም ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ዋናው ነገር ሥዕሉን መጨረሻ ላይ ማየት ነው። የገዢ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሴቶቹ ስለሆነ አስመሳይም ድካሙን የሚያፈሰው እዚያው ነው፤ ለሳህኑ ቂጥ ያን ያህል የሚጨነቅ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ሥዕሉና ሳህኑ በአንድ ቦታ አልተሠሩም። ነጩ አካል፣ ማለትም ፖርሴሊኑ፣ የተሠራው በቻይና ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር፣ ጂንግደዥን በምትባለው ከተማ ነው። ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈርና የተፈጨ የፖርሴሊን ድንጋይ ይቦካል፣ ቅርጽ ይይዛል፣ ሲተኮስ ብርጭቆ የሚሆን ልባስ ይቀባል፣ ከዚያም ወደ 1,300 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ እቶን ይተኮሳል። ሰማያዊው ኮባልት ከልባሱ በታች ስለሚቀባ አብሮ ይተኮሳል። ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ወርቅ ግን ከልባሱ በላይ ይቀቡና ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ትንሽ እቶን ሁለተኛ ይተኮሳሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለውጭ ገበያ የታሰበ ብዙ ዕቃ ነጩን እንደሆነ በወንዝና በተራራ መንገድ ወደ ካንቶን፣ ወደ ዛሬዋ ጓንግዡ፣ ይወርድና ሥዕሉ እዚያ ይጨመርበት ነበር። ከ1757 እስከ 1842 ለምዕራባውያን መርከቦች የተከፈተው ወደብ ካንቶን ብቻ ስለነበር ቀቢዎቹ የገዢውን ትእዛዝ በቅርብ ይቀበሉ ነበር። ስለዚህ አካሉና ሥዕሉ ለየብቻ ነው የሚመረመሩት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከመንካት በፊት

ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ ጠባብ ብርሃን የሚሰጥ የእጅ ባትሪ፣ የጆሮ ጥጥና ጠረጴዛ ላይ አጣጥፈው የሚያነጥፉት ወፍራም ፎጣ ይበቃል። ጥገና ለመፈለግ 365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት መብራት ቢጨመር ጥሩ ነው። ቀለበትና አምባር ያውልቁ። የጥጥ ጓንት አያድርጉ፤ ፖርሴሊን ላይ ይንሸራተታል። የታጠበና በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል።

ክዳን ካለው መጀመሪያ ክዳኑን አንስተው ለብቻው ያስቀምጡ። በራድን በእጀታው፣ ሳህንን በአንድ እጅ በጠርዙ ይዘው አያንሱ። የድሮ ጥገና ብዙ ጊዜ የሚለቀው እጀታ ላይ ነው፤ ገንዘብ ያልከፈሉበት ዕቃ እጅዎ ላይ ከተሰበረ ደግሞ ያኔ የእርስዎ ይሆናል።

እግሩና ቂጡ

ሳህኑን ፎጣው ላይ ይድፉት። ከታች በኩል የሚቆምበት ክብ ጠርዝ የእግር ቀለበቱ ነው። በአብዛኛው ልባስ ያልነካው ይህ ቦታ ብቻ ስለሆነ ጭቃው ራሱ የሚታየው እዚህ ነው። የጂንግደዥን ጭቃ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጥፍር ሲሄድበት እንደ ኖራ ዱቄት አይወጣውም።

ልባሱ አልቆ ባዶው ጭቃ የሚጀምርበትን መስመር በማጉያው እየተከተሉ ቀለበቱን ሙሉ ይዙሩት። በድሮ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ ቀጭን ብርቱካናማ ወይም የዝገት ቀለም ያለው ጭረት ይታያል። የጭቃው ውስጥ ጥቂት ብረት በእቶኑ ሙቀት ከአየር ጋር ተገናኝቶ የፈጠረው ነው። እውነተኛው ጭረት ወጥ አይደለም፤ እዚህ ሰፋ፣ እዚያ ጠበብ ይላል፣ ከዚያም ይጠፋል። ቀለበቱን ዙሪያውን በእኩል የሸፈነ ቡናማ ነገር ካዩ የጆሮ ጥጥ በሳሙና ውሃ አርጥበው ይሹት፤ ካልወጣ በአልኮል ይሞክሩ። ሻይ ወይም የጫማ ቀለም ከሆነ ጥጡ ላይ ይቀራል፤ ከእቶን የመጣ ዝገት ግን ንቅንቅ አይልም።

ቀጥሎ መበላት ነው። መቶ ዓመት ጠረጴዛና መደርደሪያ ላይ የተገፋ ቀለበት ጫፉ ለስልሶ ያብለጨልጫል፤ ደቃቅ ቀዳዳዎቹም ጥቁር እድፍ ይይዛሉ። በአሸዋ ወረቀት ያረጀ ግን ጭረቱ በአንድ አቅጣጫ የተደረደረ፣ ጥልቀቱም እኩል ነው። ተመሳሳዩ ምርመራ ለሳህኑ ፊትም ይሠራል፤ የቢላዋና የሹካ ጭረት በየአቅጣጫው ይሄዳል፣ አንዱ በሌላው ላይ ያልፋል፣ አንዱ ጠልቆ ሌላው ይነካል ብቻ።

ከቀለበቱ ውስጥ ያለው ቂጥ በልባስ የተሸፈነ ነው። እዚያ ላይ ጥቁር የብረት ነጥቦች፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ጉድጓዶችና ትንሽ የሚወዛወዝ ገጽ ቢኖር ደስ ይበልዎት፤ በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ ላይ የተለመደ ነው። አሸዋ ተጣብቆበት ሊገኝም ይችላል። ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ቢነቃነቅም ጉድለት አይደለም። ነጭ እንደ ወረቀት፣ ለስላሳ እንደ መስታወት የሆነ ቂጥ ግን የዘመናዊ ፋብሪካ ምልክት ነው። የአካሉ ክብደትም ይረዳል፤ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲኒና ሳህን በአመዛኙ ቀጭንና ቀላል ሲሆን፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኤክስፖርት ሳህን ወፍራምና ከበድ ያለ፣ እግሩም ሰፋ ያለ ነው።

ልባሱ

የመስኮቱ ወይም የአምፖሉ ብርሃን ሳህኑ ላይ እንዲያንጸባርቅ አድርገው ያዘንብሉት። የድሮው ልባስ ላይ የአምፖሉ ምስል ጫፉ ይንቀጠቀጣል፣ ገጹም የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ቀለሙ ንጹሕ ነጭ ሳይሆን ወደ ሰማያዊ፣ ወደ ግራጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ልባሱ በተጠራቀመበት በእግሩ ጥግ ይህ ጎልቶ ይታያል። ጠርዙ ላይ ልባሱ በጥቃቅን ረግፎ ቡናማ ነጠብጣብ የሚመስል ነገር ቢያዩ ሁልጊዜ ሰው የሰበረው አይደለም። እቶኑ ሲበርድ ጭቃውና ልባሱ በተለያየ መጠን ስለሚኮማተሩ ልባሱ በሹል ጠርዝ ላይ አይጸናም። ብዙ የድሮ ሳህን ጠርዙ በቡናማ የብረት ቀለም የተቀባውም ለዚሁ መከላከያ ነው።

በዚህ ደረጃ አንድ ፈረንሳዊ ተቀናቃኝ ያስቸግራል። በ1845 ፓሪስ ውስጥ ሥራ የጀመረው የሳምሶን ቤት የቻይናን የኤክስፖርት ዕቃ በብዛትና በጥሩ ሁኔታ ይቀዳ ነበር። ሥዕሉ ሊያሳስት ይችላል፤ ልባሱ ግን የበለጠ ለስላሳ ነው፣ የእግሩም ብርቱካናማ መስመር አይኖርም። አንዳንዱ ቂጡ ላይ ቻይንኛ የሚመስል፣ ሲያነቡት ግን ፊደል ያልሆነ ምልክት አለው። ዛሬ የሳምሶን ዕቃ ራሱ ገዢ አለው፣ በቻይና ዋጋ ግን አይደለም።

ቀለሙ

ዓይንዎን ጨፍነው ጣትዎን በሥዕሉ ላይ ቀስ ብለው ያሳልፉ። ከልባሱ በላይ የተቀባው ቀለም፣ ኢናሜል የሚባለው፣ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ሰማያዊው ኮባልት ግን ከልባሱ በታች ስለሆነ አይሰማም፣ በጭረትም አይለቅም።

ሮዙ ቀለም ዕድሜ ይናገራል። የሚገኘው ከደቃቅ ወርቅ ሲሆን በቻይና ፖርሴሊን ላይ የተለመደው ከ1720ዎቹ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ካንግሺ በተባለው ንጉሠ ነገሥት ዘመን የነበረው የቀለም ቤተሰብ አረንጓዴ፣ የብረት ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ ኢናሜል ነበር። ስለዚህ «የ1690 ሳህን» የተባለ ነገር ላይ ወፍራም ሮዝ አበባ ካለ ወይ ዓመቱ ተሳስቷል ወይ ቀለሙ በኋላ ተጨምሯል።

በኋላ የተጨመረ ቀለም ብዙ ነው። በአውሮፓ ነጋዴዎች ሰማያዊና ነጭ የቻይና ዕቃን ገዝተው ገበያ እንዲያነሳ ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቅ ይጨምሩበት ነበር። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አዲሱ ቀለም የሰማያዊውን ሥዕል ሐሳብ አይከተልም፣ ቅጠሉን አቋርጦ ይሄዳል፣ የሰውን ፊትም ሊሸፍን ይችላል።

ሳህኑን ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉ በቀለሙ ዙሪያ፣ በነጩ ልባስ ላይ፣ ቤንዚን ውሃ ላይ ሲፈስ የሚታየው ዓይነት ቀስተ ደመና የሚመስል ጭላንጭል ሊኖር ይችላል፤ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ኢናሜል አጠገብ በተለይ። ይህ የዕድሜ ጥሩ ምስክር ነው፣ ባይኖር ግን ዕቃውን አይጥሉት፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ ሳህን ላይጠብቀው ይችላል። ወርቁም በሚነካበት ቦታ መበላት አለበት፦ በእጀታ፣ በጠርዝ፣ በክዳን ጉብ ላይ። ጠርዙ ተሸራርፎ ወርቁ ግን እንደ መስታወት የሚያበራ ከሆነ ወርቁ አዲስ ነው።

በረንዳው ላይ ያሉት ሰዎች

አሁን ሳህኑን ይገልብጡና ሥዕሉን ይዩ። የቤት ውስጥ ኑሮ የተሳለበት የኤክስፖርት ዕቃ ከሞላ ጎደል አራት ወገን ነው።

የመጀመሪያው በካንግሺ ዘመን (1662–1722) የተሠራው ሰማያዊና ነጭ ነው። ረዣዥም ቀጫጭን ሴቶች በአትክልት ቦታ፣ በአጥር አጠገብ ቆመዋል፤ አንዳንዴ አጠገባቸው ሕፃን ይዘላል። ብዙ ጊዜ ሥዕሉ በአበባ ቅጠል ቅርጽ በተከፋፈሉ ቦታዎች ውስጥ ይደጋገማል። ደቾች እነዚህን ሴቶች «ላንገ ላይዘን» ይሏቸዋል፤ በጨረታ ካታሎግ ውስጥ ይህ ስም ዛሬም ይገኛል።

ሁለተኛው ቺያንሎንግ በተባለው ንጉሠ ነገሥት ዘመን ማብቂያ፣ ከ1770 ገደማ ወዲህ፣ በካንቶን የተቀባው «ማንዳሪን» የሚባለው ነው። ትልልቅ የመጠጥ ጎድጓዳ ሳህኖች፣ ባለ እጀታ ኩባያዎችና የአበባ ማስቀመጫዎች ላይ ይበዛል። በዘመኑ ቻይናን ይገዛ የነበረውን የቺንግ ሥርወ መንግሥት የሹመት ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶች ከሚስትና ከልጅ ጋር በሐይቅ ዳር በረንዳ ላይ ይታያሉ፤ ልብሱ ሮዝ፣ ሐምራዊና የብረት ቀይ ነው፣ ዙሪያው በደቃቅ የወርቅ ወይም የቀይ ሐረግ ይታጠራል።

ሦስተኛው «ሮዝ ማንዳሪን» ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ዕቃ። ሰዎቹ በክፍል ሳይታጠሩ የሳህኑን መሃል ሙሉ ይይዛሉ፤ ጠርዙ ላይ አበባ፣ ፍራፍሬና ቢራቢሮ ይዞራል። አራተኛው በመግቢያው ያልነው «ሮዝ ሜዳሊየን» ነው፦ መሃሉ ላይ ክብ፣ በዙሪያው አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍሎች፣ ሁለቱ ሰው፣ ሁለቱ ወፍና አበባ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ እስከ 20ኛው ድረስ ሳይቋረጥ ተሠርቷል፣ ችግሩም የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰው ጭራሽ የሌለበትና አበባ፣ ወፍና ቢራቢሮ ብቻ ያለው «ሮዝ ካንቶን» ይባላል። ሻጮች ሦስቱን እያደባለቁ ስለሚጠሩ በስሙ ሳይሆን በዓይንዎ ይወስኑ።

የሮዝ ሜዳሊየን አንድ ክፍል ማጉያው ውስጥ ያስገቡ። ሁለት ምሰሶዎች፣ ከኋላ የተከፈተ መስኮት፣ ከፊት በቀይ መስመር እየታጠፈ የሚሄድ የበረንዳ አጥር አለ። አንዲት ሴት ማራገቢያ ይዛ በርሜል በሚመስል በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ሌላዋ ቆማ ወደ እሷ ዘንበል ብላለች። ጠረጴዛው ላይ የአበባ ማስቀመጫና የተደራረበ መጽሐፍ አለ።

መጀመሪያ አጥሩን ይዩ። በእጅ የተሳበ መስመር ብሩሹ ሲያርፍ ወፈር፣ ሲነሳ ቀጠን ይላል፣ በመታጠፊያው ላይ ቀለም ይጠራቀማል። የታተመ መስመር ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት አለው፣ በማጉያ ሲታይም በደቃቅ ነጠብጣብ ሊበተን ይችላል። ከዚያ ፊቱን። በጥሩ ሥራ ላይ የፊቱ ጠርዝ በቀጭን የብረት ቀይ ተስሏል፣ ዓይኑ የሽፋን መስመርና ብሌን አለው፣ የእጅ ጣቶች ተለያይተው ይታያሉ። በኋለኛውና በችኮላ በተሠራው ላይ ፊቱ ክብ ሆኖ ሁለት ነጥብና አንድ ጭረት ብቻ ይኖረዋል፤ እጁ ጣት የሌለው ጉብ ይሆናል፤ የልብሱ ቀለምም ከመስመሩ ወጥቶ ይፈሳል። የሴቶቹ ጥቁር ጸጉር ላይ የወርቅ ጭረት ካለ ሰብሳቢዎች ዕቃውን ወደ ቀደመው ጊዜ ያደርጉታል። እንደ አንድ ድጋፍ እንጂ እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት፤ ወርቁ ሊበላም ሊጨመርም ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው ግን ማወዳደር ነው። ሰው ያለባቸውን ሁለት ክፍሎች፣ ወይም ከአንድ ስብስብ ሁለት ሳህኖችን፣ በስልክዎ ከተመሳሳይ ርቀት ፎቶ ያንሱና ጎን ለጎን ያድርጉ። አንድ ቀቢ አንድን ትዕይንት በቀን ሃያ ጊዜ ቢስለው እንኳ የቀሚሱ እጥፋት፣ የማራገቢያው ማዘንበልና በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው ክፍተት አንድ አይሆንም። የእጥፋቱ መስመር በሁለቱም ላይ ልክ ለልክ ከገጠመ መስመሩ ታትሞ ቀለሙ ብቻ በእጅ የተሞላ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ዕቃ ላይ ይህ አሠራር የተለመደ ነው፤ ቀለሙን በጣት ሲዳስሱ ከፍ ብሎ ስለሚሰማ ብዙ ገዢ «በእጅ የተሳለ» የሚለውን ያምናል።

በልብስ ዘመን መቁጠር አደገኛ ነው። የካንግሺ ሴቶችና ምሁራን ብዙ ጊዜ የለበሱት ያለፈውን የሚንግ ዘመን ልብስ ነው፤ ቀቢው ከቲያትርና ከታሪክ መጻሕፍት ሥዕል ይቀዳ ስለነበር። በዕቃው ላይ የሚታየው ኑሮ የቀቢው ጎረቤት ኑሮ ሳይሆን ገዢው የሚያስበው የቻይና ቤት ነው።

ገዢውም ሁሉ ሰው አይፈልግም ነበር። ግብፅ ውስጥ በሳዳና ደሴት አጠገብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሰጠመው የቀይ ባሕር መርከብ፣ ከ1995 ጀምሮ ሲቆፈር፣ ቡናና የቻይና ፖርሴሊን አብረው ተገኝተውበታል፤ ለሙስሊሙ ገበያ የታሰበው ያ ዕቃ ያጌጠው በአበባና በሐረግ ነው፣ ሰው የለበትም። ስለዚህ በድሮው የቀይ ባሕር ንግድ መጣ የተባለ ሲኒ ላይ በረንዳ የተቀመጡ ሴቶች ካሉ የመጣበት መንገድ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ማኅተም

ቂጡ ላይ ምንም ጽሑፍ ባይኖር አይዘኑ፤ የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኤክስፖርት ዕቃ አብዛኛው ማኅተም የለውም። በ1677 የጂንግደዥን ሹም የንጉሡን ስም በዕቃ ላይ መጻፍ ስለከለከለ በካንግሺ ዕቃ ላይ ባዶ ድርብ ሰማያዊ ክብ፣ ቅጠል ወይም የቀደመ ንጉሥ ስም ይገኛል። የንጉሥ ስም መኖሩ በራሱ ዘመን አይወስንም፤ ቻይናውያን ቀቢዎች ለአክብሮትም ለገበያም የድሮ ስም ይጽፋሉ። ሮዝ ሜዳሊየን ላይ በቀይ የተመታ የቺያንሎንግ አራት ማዕዘን ማኅተም ካዩ 18ኛውን ክፍለ ዘመን ይርሱት፤ የ20ኛው ነው።

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የበለጠ ይጠቅማል። አሜሪካ በ1890 ያወጣችው የታሪፍ ሕግ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አስገድዷል። «ቻይና» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ብቻውን ካለ ከ1891 ወዲህ፣ «በቻይና የተሠራ» የሚል ከሆነ በአመዛኙ ከ1920 ገደማ ወዲህ ነው። «ሆንግ ኮንግ» ካለበት የ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያ በኋላ ነው። የቃሉ አለመኖር ግን ዕቃው ከ1891 በፊት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ወደ ሌላ አገር የሄደ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጽሑፉ የሚላጥ ወረቀት ላይ ነበር።

ለማመሳከር የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት፣ በማሳቹሴትስ ሴለም ከተማ ያለው ፒቦዲ ኤሴክስ ትልልቅ የኤክስፖርት ፖርሴሊን ስብስብ አላቸው። የሜትሮፖሊታንን ፎቶ በድረ ገጹ በነጻ አጉልተው ማየት ይቻላል፤ ፊትንና እጅን ለማወዳደር ከማንኛውም የሽያጭ ማስታወቂያ ፎቶ ይሻላል።

የተደበቀ ጥገና

ሳህኑን በጣቶችዎ ጫፍ ላይ ከመሃሉ አስቀምጠው ጠርዙን በጥፍርዎ ቀስ ብለው ይምቱት። ደህናው ረጅም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው «ድም» ብሎ ይቆማል። በእጅ ጨብጠው ወይም ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ከመቱት ግን ደህናውም ይታፈናል። በራድና ክዳን ያለው ዕቃ ላይ ይህ ምርመራ አይታመንም።

ቀጥሎ ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪውን ከሳህኑ ጀርባ ያስጠጉ። ፖርሴሊን ብርሃን ያሳልፋል፤ ስንጥቅ እንደ ጥቁር ጸጉር፣ በሙጫ የተሞላ ቦታ እንደ ደመና ይታያል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ብዙ ሙጫና የጥገና ቀለም ወደ ነጭ ወይም ወደ ቢጫ ያበራል፣ አካባቢው ግን ጠቆር ያለ ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል። አንዳንድ አዳዲስ የጥገና ቀለሞች ግን ስለማያበሩ ዝም ማለቱ ነጻ አያወጣውም። የሚያጠራጥር ቦታ ካለ የስንጥር ጫፍ በጣም ቀስ ብለው ያሳልፉበት፤ ልባስ ላይ ይንሸራተታል፣ የጥገና ቀለም ላይ ይይዛል። አሴቶን የጥገና ቀለምን ይለቅቃል፣ ስለዚህ በሰው ዕቃ ላይ ያለ ፈቃድ አይሞከርም።

ጀርባው ላይ እንደ ስፌት የተደረደሩ የብረት ወይም የነሐስ ቅንጥቦች ካሉ የድሮ ጥገና ናቸው። አያውጧቸው። ዋጋ ይቀንሳሉ፣ ግን ሳህኑን የያዙት እነሱ ናቸው፤ ብረቱ ዝጎ ካበጠ ብቻ ለባለሙያ ያሳዩ። ክዳን ያለው ዕቃ ሲሆን የክዳኑና የአካሉ ልባስ ቀለም፣ የሐረጉ አረንጓዴና የጠርዙ ወርቅ አንድ መሆኑን ይመልከቱ። የሌላ ዕቃ ክዳን አላግባብ ጋብቻ የተፈጸመበት በራድ ብዙ ነው።

እጥበት፣ ግድግዳ፣ ማዕድ

የላስቲክ ሳፋ ውስጥ ፎጣ ያንጥፉ፣ ለብ ያለ ውሃ ይጨምሩ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ቀላል የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። አንድ በአንድ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ ወርቁ አይታሽም። ጥገና ያለበት ዕቃ አይዘፈዘፍም፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋል፤ የድሮ ሙጫ በሞቀ ውሃ ይለቃልና። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ኢናሜሉን ያደበዝዛል፣ ወርቁን ይበላል። ማይክሮዌቭ ደግሞ ወርቅ ያለበትን ዕቃ ብልጭታ ያስነሳበታል።

በስንጥቅ ውስጥ የገባ ቡናማ እድፍ ሲያዩ እጅ ወደ በረኪና ይሄዳል። አይሁን። በረኪናው በስንጥቁ ገብቶ ጨው ይተዋል፤ ጨው ሲደርቅ እየጠጠረ ልባሱን ከውስጥ ገፍቶ ያነሳል። ጥገናና ወርቅ በሌለበት ቦታ ላይ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የነከረ ጥጥ ስንጥቁ ላይ አድርጎ በላስቲክ ሸፍኖ ማቆየት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ይሻላል። ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ግድግዳ ላይ ለመስቀል ባለ ስፕሪንግ ሽቦ ሲጠቀሙ ከሳህኑ ስፋት ጋር የሚስማማ መጠን ይምረጡ፤ የጠበበ ሽቦ ጠርዙን ሌሊትና ቀን እየጎተተ የተደበቀ ስንጥቅን ያስረዝማል። መንጠቆው በላስቲክ ቱቦ የተሸፈነ ይሁን፣ ብረቱ ወርቁን ይፍቃል። ስንጥቅ ያለበት ሳህን አይሰቀልም፣ ቡፌ ውስጥ በማቆሚያ ይቀመጥ። ሲደራረብ በየመካከሉ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ሶፍት ይግባ፣ ምክንያቱም የላይኛው ሳህን ሻካራ እግር የታችኛውን ኢናሜል የሚፍቀው በመጎተት ነው።

ለመብላት? ከልባስ በላይ ያሉት ኢናሜሎች እርሳስ ይይዛሉ፤ አሲድ ደግሞ እርሳስን ያወጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዕቃን የሚፈትነው 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ሞልቶ 24 ሰዓት በማቆየት ነው፤ ለሲኒና ለኩባያ የሚፈቀደው በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ማይክሮግራም፣ ለዝርግ ሳህን 3 ማይክሮግራም እርሳስ ነው። የድሮ ዕቃ በዚህ አልተፈተነም። የእርሳስ መፈተሻ ጥጥ ቀይ ካሳየ አለ ማለት ነው፤ ምንም ካላሳየ ግን ደህና ነው ለማለት አይበቃም። ስለዚህ ውስጡ ወይም ከንፈር የሚነካው ጠርዝ የተቀባ ሲኒ ለቡና፣ ለሻይ በሎሚ፣ አቼቶ ለነካው ሰላጣና ለአዋዜ አይሁን። ቆሎ፣ ብስኩት ወይም ቅርፊት ያለው ፍራፍሬ ለአጭር ጊዜ ቢቀርብበት ግን ብዙ የሚያሳስብ አይደለም።

ለጉዞ ሲታሸግ ሳህን አይነጠፍም፣ በጠርዙ ቆሞ ይደረደራል፤ የተነጠፈው ከላይ በሚጫነው ክብደት መሃሉ ይሰበራል። እያንዳንዱ መጀመሪያ በነጭ ለስላሳ ወረቀት፣ ከዚያ በአረፋ ላስቲክ ይጠቅለል፤ የላስቲኩ ጉብጉብ ወደ ውጭ ይሁን። በጋዜጣ አይጠቅልሉ፣ ቀለሙ ባዶውን ጭቃ ያቆሽሻል። የበራድ ክዳን ለብቻው፣ አፍንጫው ዙሪያውን በሶፍት ተደግፎ፣ ከካርቶኑ ግድግዳ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይቀመጥ። ከራሷ ከቻይና ገዝተው ሲወጡ ደግሞ ከ1911 በፊት የተሠራ ዕቃ ከአገሪቱ እንዳይወጣ ሕጉ ይከለክላል፤ የአየር ማረፊያ ሱቅ ውስጥ «የቺንግ ዘመን» ተብሎ ከነደረሰኙ የሚሸጥልዎት ሳህን ስለዚህ ወይ ችግር ነው ወይ አዲስ ነው፣ ብዙ ጊዜም አዲስ ነው።